ቱቦው ከምን ተጠቀለለ? ስለ ኢኦርጋኒክ ናኖቲዩቦች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ፦ «በማቴሪያል ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። ናኖቲዩብ ሲባል ክፍል ውስጥ የምንማረው ስለ ካርቦኑ ብቻ ነው። ከካርቦን ውጭ ያሉት፣ ኢኦርጋኒክ የሚባሉት፣ ምን የተለየ ጸባይ አላቸው? በእርግጥስ ሥራ ላይ የዋሉት የት ነው? ጋራዥ ያለው ወንድሜ ‹ናኖ› የሚል ጽሑፍ ያለበት የሞተር ዘይት ማሻሻያ ገዝቶ ያዋጣል ወይ እያለ ይጠይቀኛል። በመጨረሻም፣ እዚህ አገር ባለን ላብራቶሪ በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ መሥራት ይቻላል?»

ጤና ይስጥልኝ። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። «ኢኦርጋኒክ ናኖቲዩብ» የአንድ ቁስ ስም አይደለም። ስሙ የሚነግረን ቅርጹን ብቻ ነው፤ ዲያሜትሩ በናኖሜትር የሚለካ ቱቦ መሆኑንና ከካርቦን ውጭ ካለ ውሁድ መሠራቱን። ከዚያ ያለፈው ሁሉ፣ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ፣ ሙቀት መቻሉ፣ ማለስለሱ፣ ጉዳቱ፣ ዋጋው ሳይቀር፣ የሚወሰነው ቱቦው በተጠቀለለበት ንጣፍ ነው። የተንግስተን ዳይሰልፋይዱ ጥቁር ዱቄት ነው፣ ሴሚኮንዳክተር ነው። የቦሮን ናይትራይዱ ነጭ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የቲታኒየም ዳይኦክሳይዱ በተማሪ ላብራቶሪ ሊዘጋጅ ይችላል። ሃሎይሳይት የሚባለው ደግሞ ማንም ሳይሠራው ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ የሸክላ ማዕድን ነው። እነዚህን ሁሉ ባንድ ላይ ጠቅልሎ «ጠንካራ ናቸው» ወይም «ርካሽ ናቸው» የሚል ጽሑፍ ካጋጠመዎ የየትኛውን ውሁድ ነገር እንደሚያወራ መጀመሪያ ይጠይቁ።

ታሪኩ አጭር ነው። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ ባለ ብዙ ግድግዳውን የካርቦን ናኖቲዩብ በ1991 ይፋ አደረገ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይውሰዷቸው)። በዓመቱ፣ በ1992፣ እስራኤል ረሆቮት ከተማ በሚገኘው በዋይዝማን ኢንስቲትዩት ሬሼፍ ቴኔና ባልደረቦቹ ከተንግስተን ዳይሰልፋይድ የተሠሩ ቱቦዎችንና ዝግ ክብ ቅንጣቶችን አሳዩ። ረሆቮትን ብዙዎቻችን የምናውቃት በቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ሰፈር ነው፤ የዚህ ዘርፍ መነሻም እዚያችው ከተማ ውስጥ ነው። የቴኔ ቡድን ትልቁ አስተዋጽኦ አንድ ተጨማሪ ቱቦ ማግኘቱ አይመስለኝም። ተጠቅልሎ ቱቦ መሆን የካርቦን ብቻ ጸጋ እንዳልሆነ፣ የተነባበረ መዋቅር ያላቸው ውሁዶች በናኖ መጠን ላይ በአጠቃላይ የሚያሳዩት ዝንባሌ መሆኑን ማስረዳቱ ነው።

ምክንያቱን ልብ ብለው ይዩት፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይቀዳል። በተንግስተን ዳይሰልፋይድ ውስጥ አንዱ ንጣፍ የሦስት አቶም ውፍረት አለው፤ መሐሉ ላይ ተንግስተን፣ ከላይና ከታች ሰልፈር። በንጣፉ ውስጥ ያለው ቦንድ ጠንካራ ኮቫለንት ነው። አንዱን ንጣፍ ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ግን ደካማው የቫን ደር ዋልስ ስበት ብቻ ነው፤ ከአንዱ ንጣፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 0.62 ናኖሜትር ገደማ ነው። ንጣፉ ጫፍ ላይ ያሉት አቶሞች አጣማሪ ያጡ፣ ቦንዳቸው ያልተሟላ ናቸው። ትልቅ ክሪስታል ላይ የጫፍ አቶሞች ከጠቅላላው አንጻር ጥቂት ስለሆኑ ነገሩ አይታይም። ንጣፉ ወደ ናኖሜትር ሲያንስ ግን የጫፎቹ ድርሻ ከፍ ይልና ክሪስታሉ የሚሸከመው ትርፍ ኃይል ይበዛል። መውጫው መታጠፍ ነው። ንጣፉ ይታጠፍና ጫፍ ከጫፍ ይገጥማል፤ ያልተሟሉት ቦንዶች ይሟላሉ። ለመታጠፍ የሚከፈል የመለጠጥ ኃይል አለ፤ ጫፎቹ ሲዘጉ የሚተርፈው ኃይል ከዚያ ከበለጠ ቱቦው ይጸናል።

አንድ ነገር ግን እንዳይደናገር። ብዙ ሰው ናኖቲዩብን እንደ ተጠቀለለ ሰሌን አድርጎ ያስበዋል። ሰሌን አንድ ወጥ ምንጣፍ ሆኖ ዞሮ ዞሮ ይጠቀለላል፣ ጫፉም ውጭ ይቀራል። የተንግስተን ዳይሰልፋይድ ቱቦዎች በአብዛኛው እንደዚያ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ግድግዳ በራሱ የተዘጋ ሆኖ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰካ ነው። ውጭ የሚቀር ጫፍ የለም ማለት ነው። ይህ ነጥብ ስለ ሰበቃ ስናወራ ተመልሶ ይመጣል።

ሦስት አቶም ውፍረት ያለውን ንጣፍ ማጠፍ የአንድ አቶም ውፍረት ካለው የካርቦን ንጣፍ፣ ከግራፊን፣ ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ እነዚህ ቱቦዎች ወፈር ያሉ ናቸው፤ በምድጃ የሚመረቱት ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ዲያሜትርና ከ1 እስከ 20 ማይክሮሜትር ርዝመት አላቸው፣ ግድግዳቸውም ብዙ ነው። ባለ አንድ ግድግዳ ማግኘት እንደ ካርቦኑ ቀላል አይደለም።

ንጣፍ የሚታጠፍበት ሁለተኛ ምክንያት አለ፤ ይህኛው የተፈጥሮ ማዕድናት መንገድ ነው። የንጣፉ ሁለት ፊቶች እኩል ካልሆኑ፣ አንዱ ፊት ሰፋ ሌላው ጠበብ ካለ፣ ንጣፉ በራሱ ይቆለመማል። ሊነስ ፓውሊንግ በ1930 የሸክላ ማዕድናትን መዋቅር ሲተነትን ይህን አስቀድሞ ጠቁሞ ነበር። በኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ሃሎይሳይትና ክሪሶታይል በእርግጥ ቱቦ ሆነው ተገኙ። ኢሞጎላይት የሚባለው ደግሞ በ1962 ጃፓን ውስጥ ከእሳተ ገሞራ አመድ አፈር የተለየ ሲሆን፣ የውጭ ዲያሜትሩ 2 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦ ነው። እንዲህ ቀጭንና ወጥ የሆነ ቱቦ አፈር ውስጥ በራሱ መፈጠሩ እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ ጸባይ። የተንግስተን ዳይሰልፋይዱን በዝርዝር አስረዳለሁ፤ በደንብ የተለካውም እሱ ነው።

አሠራሩ የሚጀምረው ከተንግስተን ኦክሳይድ መርፌዎች ነው፤ ኦክስጅን የጎደለው፣ ሰማያዊ መልክ ያለው ኦክሳይድ ነው። መርፌዎቹ ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በጋለ ምድጃ ውስጥ ሃይድሮጅንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይነፋባቸዋል። ሃይድሮጅኑ ኦክስጅኑን ይወስዳል፣ ሰልፈሩ ቦታውን ይይዛል። ለውጡ የሚጀምረው ከውጭ ነው። የመርፌው ገጽ በፍጥነት የመጀመሪያውን የሰልፋይድ ቆዳ ይለብሳል፤ ይህ ቆዳ አጎራባች መርፌዎች እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይቀልጡ ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ዝግ ያለ ነው፤ ሰልፈሩ ቆዳውን እያለፈ ውስጡን ግድግዳ በግድግዳ ይቀይረዋል። ምድጃውን ቶሎ ካጠፉት መሐሉ ላይ ኦክሳይድ የቀረበት ቱቦ ያገኛሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ውስጡ ያልጎደጎደ፣ ድፍን ዘንግ ይመስላል። የምርቱ ጥራት በአመዛኙ በዚህ ትዕግሥት ላይ ያረፈ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ገዳይ ጋዝ መሆኑን አይርሱ፤ በአነስተኛ መጠን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ አፍንጫ ላይ መተማመን አይቻልም።

ጥንካሬውን በሚመለከት በ2006 የታተመ መለኪያ አለ፤ ነጠላ ቱቦዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር ጫፍና ጫፋቸው ተይዞ እስኪበጠሱ ተስበዋል። የያንግ ሞዱለሳቸው (የግትርነት መለኪያ ነው) 150 ጊጋ ፓስካል ገደማ ሆነ፤ ከትልቁ ክሪስታል የሚጠበቀው ያው ነው። የመበጠሻው ግፊት ግን እስከ 16 ጊጋ ፓስካል ደረሰ፣ ከመበጠሳቸው በፊትም እስከ 14 በመቶ ተለጠጡ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። የመበጠሻው ጥንካሬ የሞዱለሱ አንድ አሥረኛ ያህል ሆነ ማለት ቱቦው ውስጥ ስንጥቅ የሚጀምርበት ጉድለት የለም ማለት ይቻላል፤ ተራ ቁስ ከዚህ እጅግ ዝቅ ብሎ ይሰበራል። በሌላ ሙከራ ቱቦዎቹ እስከ 21 ጊጋ ፓስካል የደረሰ የድንጋጤ ሞገድ ተቋቁመዋል።

ከካርቦኑ ጋር ሲነጻጸር? በግትርነት ካርቦኑ ይበልጣል፤ ሞዱለሱ 1000 ጊጋ ፓስካል አካባቢ ነው፣ ክብደቱም እጅግ ቀላል ነው። ተንግስተን ዳይሰልፋይድ በኩቢክ ሴንቲሜትር 7.5 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ለአውሮፕላን ክንፍ የሚሆን ቀላል ፋይበር የሚፈልግ ሰው ወደዚህ አይመጣም። የኢኦርጋኒኩ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። የካርቦን ቱቦዎች እርስ በርስ ተሳስበው ይጎነጎናሉ፤ ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ውስጥ አዳርሶ ለመበተን የኬሚካል ሕክምና ይጠይቃሉ። የተንግስተን ዳይሰልፋይዶቹ ወፍራምና ቀጥ ያሉ ስለሆኑ በቀላሉ ይበተናሉ፤ ከ1 በመቶ በታች ተጨምረው የኢፖክሲን የመሰንጠቅ መቋቋም ያሻሽላሉ። ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ከሚሟሟ ፖሊመር የሚሠሩ የደም ሥር ስቴንቶችን (የጠበበ ደም ሥር ከፍተው የሚይዙ ቱቦዎችን) ለማጠንከርም እየተጠኑ ነው። ይህ ገና ምርምር ነው።

ወደ ሰበቃ እንምጣ፤ ይህ የዘርፉ እጅግ የበሰለ ክፍል ነው። ሞሊብደነም ዳይሰልፋይድና ተንግስተን ዳይሰልፋይድ በተራ ዱቄትነታቸው ለረጅም ዘመን ደረቅ ማለስለሻ ሆነው ኖረዋል፤ ዘይት በማይሠራበት በሕዋ ላይ መሣሪያዎችን የሚያለሰልሱ ናቸው። ንጣፍ በንጣፍ ላይ ይንሸራተታል፤ ዘዴው ይኸው ነው። ችግሩ ያ የዱቄቱ ጫፍ ነው። ቦንዳቸው ያልተሟላ የጫፍ አቶሞች ከብረቱ ጋር ይጣበቃሉ፣ ከአየሩ እርጥበትና ኦክስጅን ጋር ይዋሐዳሉ፣ በዚህም ማለስለሻው ራሱ ይበላሻል። የተዘጋ ቅንጣት ግን ጫፍ የለውም። ቴኔና ባልደረቦቹ በ1997 ባዶ ክብ የተንግስተን ዳይሰልፋይድ ቅንጣቶች ሰበቃንና መበላትን ከተራው ዱቄት በተሻለ እንደሚቀንሱ አሳዩ። ቅንጣቱ ሁለት ብረቶች መሐል ሲገባ በመጠነኛ ጫና ላይ ሊንከባለል ወይም ሊንሸራተት ይችላል፤ ጫናው ሲበረታ ደግሞ ቆዳው እየተላጠ ብረቱ ላይ ይለጠፍና ስስ መከላከያ ይሆናል። ይህ ልጣጭ ዋናው ሠራተኛ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ለወንድምዎ የሚጠቅም አንድ እውነት አለ። በማለስለሻነት ገበያ የወጡት ቅንጣቶች በአብዛኛው ቱቦ አይደሉም፤ የቱቦዎቹ የቅርብ ዘመዶች የሆኑት ክቦቹ ናቸው። ክቦቹን በብዛት ማምረት ይቀላል፣ ለዘይትም የተሻለ ቅርጽ ናቸው። ጠርሙሱ ላይ «ናኖቲዩብ» የሚል ካለ የበለጠ ይጠይቅ።

የሞተር ዘይቱን ጉዳይ ልቋጨው። ሞተር በደህና ሲዞር የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታ በዘይት ፊልም ላይ ይንሳፈፋል፤ ብረት ከብረት አይነካካም፤ እዚያ ቦታ የትኛውም ጠጣር ቅንጣት ብዙ የሚሠራው የለም። ብረት ከብረት የሚገናኘው ሞተሩ ሲነሳ፣ የፒስተን ቀለበት ጫፍ ደርሶ ሲመለስ፣ ካም ሻፍቱ ቫልቭ ሲገፋ ነው። ቅንጣቱ የሚረዳው በእነዚህ ቦታዎች ነው። ይሁን እንጂ ጥሩ የሞተር ዘይት ለዚሁ ሥራ የተቀመሙ የዚንክና የፎስፈረስ ውሁዶች አስቀድሞ አሉት፤ ቆሻሻን በትኖ የሚይዝ ኬሚካልም አለው። እነዚህ ኬሚካሎች ቅንጣቱ ከብረቱ ጋር እንዳይገናኝ ሊከለክሉት ይችላሉ። ሌላው የክብደት ጉዳይ ነው። በኩቢክ ሴንቲሜትር 7.5 ግራም የሚመዝን ነገር ከ0.9 በታች በሚመዝን ዘይት ውስጥ ተንሳፎ የሚቆየው በጣም ደቃቅ ከሆነና ገጹ በአግባቡ ከተሰናዳ ብቻ ነው። ተጓጉሎ ከተሰባሰበ ይዘቅጣል፣ ወይም ፊልትሮ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ወንድምዎ ጠርሙሱ ላይ የውሁዱ ስም፣ የቅንጣቱ መጠንና በመቶኛ ምን ያህል እንደሆነ መጻፉን ይመልከት። «ናኖ ቴክኖሎጂ» ብቻ የሚል ጽሑፍ ምንም አይነግረውም። ከዘይቱ ጥቂት ቀድቶ ብርጭቆ ውስጥ ለሳምንታት ሳይነካ ያቆየው፤ ታች ጥቁር ዝቃጭ ከተጠራቀመ ሞተሩ ውስጥም እንደዚያው ይሆናል። ባይዘቅጥ ግን መልካምነቱ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ጭራሽ ምንም ቅንጣት የሌለበትም ሊሆን ይችላል። ደህና የሆነ፣ ትክክለኛ ቪስኮሲቲ ያለው ዘይት የሚቀየርለት፣ ጊዜው የሚጠበቅለት ሞተር ላይ እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም። ጫናው ከባድ፣ ፍጥነቱ ዝግ ያለ ቦታ ላይ ግን፣ ማለትም በግራሶ በሚሠሩ ኩሽኔታዎች፣ በክፍት ጥርሶችና በሰንሰለቶች ላይ፣ ሰልፋይድ ያለው ማለስለሻ በእርግጥ ይጠቅማል። አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ላይ ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ሰበቃ የሚቀንስ ነገር እዚያ ከጨመሩ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። እነሱ ላይ አይሞክረው።

ከጥንካሬና ከሰበቃ ወጥተን ወደ ኤሌክትሮኒክስ ስንሄድ የካርቦኑ ትልቅ ራስ ምታት ይታወሳል፤ ንጣፉ በተጠቀለለበት አቅጣጫ የተነሳ በአማካይ ከሦስት ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦዎች አንዱ እንደ ብረት ያስተላልፋል፣ ሁለቱ ሴሚኮንዳክተር ይሆናሉ። እነሱን መለየት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የተንግስተን ዳይሰልፋይድ ቱቦዎች በየትኛውም አቅጣጫ ቢጠቀለሉ ሴሚኮንዳክተር ናቸው። በ2017 የጃፓንና የእስራኤል ተመራማሪዎች በአንድ ነጠላ ቱቦ ውስጥ ወደ 6 ኬልቪን በሚጠጋ ቅዝቃዜ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ (ያለ ምንም ተቃውሞ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍን) አዩ። በ2019 ደግሞ በቱቦው ላይ ብርሃን ሲያርፍ፣ የተለመደው የፒ-ኤን መገጣጠሚያ (ሁለት ዓይነት ሴሚኮንዳክተር የሚገናኙበት ቦታ) ሳይኖር፣ ከቱቦው ቅርጽ የተነሳ ብቻ ኤሌክትሪክ እንደሚመነጭ ተዘገበ፤ ጠፍጣፋው ንጣፍ ሲጠቀለል የሚያጣው ሚዛናዊነት ነው ምክንያቱ። ለፊዚክሱ ድንቅ ነው። ነገ ጣሪያዎ ላይ የሚሰቀል ሶላር አድርገው ግን አይውሰዱት።

ቦሮን ናይትራይድ ለካርቦን እጅግ የቀረበ ዘመድ ነው፤ መዋቅሩ ያው ባለ ስድስት ጎን መረብ ሆኖ የካርቦኖቹን ቦታ ቦሮንና ናይትሮጅን እየተፈራረቁ ይይዙታል። በ1994 በስሌት ተተነበየ፣ በ1995 በርክሌይ የአሌክስ ዜትል ቡድን ሠራው። በግትርነት ከካርቦኑ ጋር ይስተካከላል። ባንድ ጋፑ (ኤሌክትሮን ነጻ ሆኖ እንዲንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል) ከ5 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሙቀት ግን በደንብ ያሳልፋል። ካርቦኑ አየር ላይ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ አካባቢ መቃጠል ሲጀምር ቦሮን ናይትራይዱ 800 ዲግሪን ይሻገራል። የሚሞቁ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ከሙቀት እያስተነፈሱ ከኤሌክትሪክ ለመከለል ከዚህ የተሻለ እጩ ማግኘት ይከብዳል። በተፈጥሮ ቦሮን ውስጥ 20 በመቶ ያህሉ ቦሮን 10 ነው፤ ይህ አይሶቶፕ ዘገምተኛ ኒውትሮንን አጥብቆ ይውጣል፤ የአሜሪካው ናሳ ለጠፈር መንኮራኩር መከለያነት የሚያጠናው በዚህ ምክንያት ነው። በ2013 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአንድ ነጠላ የቦሮን ናይትራይድ ቱቦ አንዱ ወገን ጨዋማ ሌላው ወገን ጨው ያነሰው ውኃ አድርገው ያልተጠበቀ ትልቅ የኤሌክትሪክ ጅረት አገኙ፤ ወደ ስፋት ሲሰላ በካሬ ሜትር እስከ 4 ኪሎዋት ይደርሳል ተባለ። ይህ ቁጥር በየዜናው ሲጠቀስ ያያሉ። የተገኘው የአንዲት ቱቦን ውጤት በቀዳዳዋ ስፋት በማካፈል ነው፤ ሚሊዮን ቱቦዎች የተሰኩበት ሜምብሬን እንደዚያ አይሰጥም፤ በቱቦዎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታና የውኃው የራሱ ተቃውሞ አብዛኛውን ይበላዋል።

ስለ ደህንነት ሳልናገር ወደ መመረቂያ ጽሑፍዎ አልሄድም። ከላይ የጠቀስኩት ክሪሶታይል ነጩ አስቤስቶስ ነው። እሱም የማግኒዚየም ሲሊኬት ናኖቲዩብ ነው፤ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሳንባ የሚያሰጋ ፋይበር የሚለው ርዝመቱ ከ5 ማይክሮሜትር የበለጠ፣ ስፋቱ ከ3 ማይክሮሜትር ያነሰ፣ ርዝመቱም የስፋቱን ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነውን ነው። 20 ማይክሮሜትር የሚደርስ የተንግስተን ዳይሰልፋይድ ቱቦ በዚህ መለኪያ ውስጥ ይገባል። የውሁዱ ኬሚካላዊ መርዛማነት ዝቅተኛ መሆኑ ብቻውን በቂ ዋስትና አይደለም፤ ሳንባ የሚጎዳው በቅርጹም ነው። ስለዚህ ደረቅ ዱቄት ክፍት ጠረጴዛ ላይ አይመዘንም፤ በፊውም ሁድ (አየሩን ወደ ውጭ በሚስብ የላብራቶሪ ሳጥን) ውስጥ፣ በተቻለ መጠን እርጥብ ሆኖ፣ ጥሩ ማጣሪያ ባለው ማስክ ነው የሚሠራው። የጨርቅ ማስክ አያገለግልም።

አሁን እዚህ አገር ስለሚሠራው። የሰልፋይዱን መንገድ አልመክርዎም፤ የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲሊንደር፣ የጋዝ ማጠቢያና ማስጠንቀቂያ የሌለው ላብራቶሪ ውስጥ መሞከር የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ሁለት ጥሩ አማራጮች አሉ።

አንደኛው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። በ1998 የጃፓኑ ካሱጋ ያሳየው ዘዴ ቀላል ነው፤ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት በ10 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ በ110 ዲግሪ ለ20 ሰዓት ገደማ ይቆያል፣ ከዚያ በአሲድና በውኃ ይታጠባል። ወደ 8 ናኖሜትር ዲያሜትር ያላቸው አጫጭር ቱቦዎች ይወጣሉ። ማጠቡን አይናቁት፤ ሶዲየሙ በደንብ ካልወጣ ውጤትዎ ሁሉ ይዛባል። ቀለም በፀሐይ ብርሃን ለማፍረስ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ለማጣራት ይሞከራል። ገደቡ ይታወቃል፤ ባንድ ጋፑ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ የሚሠራው በአልትራቫዮሌት ብቻ ነው፣ ይህም ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ርዕስ የታተመው ብዛት እጅግ ትልቅ ስለሆነ አዲስ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ሃሎይሳይት ነው፤ ልቤ ወደዚህ ያደላል። ስሙ ከቤልጂየሙ የጂኦሎጂ ሰው ኦማልየስ ዳሎይ የተወሰደ ነው፣ በ1826 ነው የተሰየመው። የውጭ ዲያሜትሩ 50 ናኖሜትር አካባቢ፣ የውስጥ ቦዩ 15 ገደማ ነው። ውጫዊው ፊት ሲሊካ ሆኖ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል፣ ውስጡ አሉሚና ሆኖ ፖዘቲቭ። ስለዚህ ኔጌቲቭ የሆነ ሞሎኪዩል ወደ ቦዩ መግባት ይመርጣል። ቤንዞትሪያዞል የሚባለውን የዝገት መከላከያ በአሴቶን አሟሙተው፣ ሃሎይሳይቱን ቀላቅለው በቫክዩም ያስቀምጡት፤ ከቦዩ ውስጥ አየር እየወጣ ሲፈላ ያያሉ፤ አየር መልሰው ሲያስገቡ ፈሳሹ ይሰርጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደግመው፣ አጥበው፣ አድርቀው ቀለም ውስጥ ይቀላቅሉት። ቀለሙ ሲሰነጠቅ ቦዩ ውስጥ ያለው እዚያው ቦታ ላይ ቀስ እያለ ይለቀቃል። ከቱቦው ክብደት 10 በመቶ ገደማ መያዝ ይችላል፤ አለቃቀቁን በዩቪ ስፔክትሮሜትር መከታተል ይቻላል። ምድጃ አያስፈልግ፣ መርዛማ ጋዝ አያስፈልግ።

የአገራችንን ጥሬ ዕቃ መጠቀም ከፈለጉ ጉጂ ዞን ቦምቦዋሃ ላይ ካኦሊን አለ። ካኦሊን ሁሉ ግን ሃሎይሳይት አይደለም፤ ካኦሊናይት የሚባለው ዘመዱ ያንኑ ኬሚስትሪ ይዞ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፣ ሁለቱ በአንድ አፈር ውስጥ ተቀላቅለው የሚገኙበት ጊዜም አለ። የትኛውም ናሙና ቢሆን ገንዘብ አውጥተው ወደ ውጭ ከመላክዎ በፊት በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (በንጣፎች መካከል ያለውን ርቀት በሚለካ ዘዴ) ይለዩት። ከመሬት እንደወጣ ሳይደርቅ ከለኩት ውኃ ያዘለ ሃሎይሳይት 1.0 ናኖሜትር ላይ ጫፍ (በግራፉ ላይ ከፍ ብሎ የሚታይ ፒክ) ያሳያል። ከደረቀ በኋላ ጫፉ ወደ 0.72 ይወርዳል፣ ያን ጊዜ ከካኦሊናይት ለመለየት ያስቸግራል። ያኔ በደረቀው ናሙና ላይ ፎርማሚድ ጠብ ጠብ አድርገው (ጓንት ለብሰው፣ ፊውም ሁድ ውስጥ፤ ለጽንስ አደገኛ ኬሚካል ነው) ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መልሰው ይለኩት። ሃሎይሳይት ፎርማሚዱን ቶሎ ስለሚያስገባ ጫፉ ወደ 1.04 ናኖሜትር ይዘልላል፤ ካኦሊናይት በዚያ ፍጥነት አያስገባም፣ ባለበት ይቆያል። ከሁለቱ ጫፎች ሥር ያለውን ስፋት (ኤሪያ) አነጻጽረው ናሙናው ውስጥ የሃሎይሳይቱን ድርሻ መገመት ይችላሉ። ጫፉ ከዘለለ ያን ናሙና ለትራንስሚሽን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይላኩት፤ ሃሎይሳይት ክብ ወይም ጠፍጣፋ የሚሆንበት ጊዜም ስላለ ቱቦ መሆኑን የሚያረጋግጥልዎ ማይክሮስኮፑ ብቻ ነው።